የተራራው ልጆች ተራራቸውን ሲስሉ
የፈጠራ ውድድር ለባሌ ደን፣ ውኃና ማሳ ምን ያበረክታል?

ከሮቤ ተነስቶ ወደ ጎባ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን የሚያየው የስንዴ ማሳ ነው። ከማሳው ባሻገር የባሌ ተራሮች ጭጋግ ለብሰው ይታያሉ። ጎባን አልፎ ሽቅብ የቀጠለ መንገደኛ ጽዱን፣ ኮሶውን፣ ከዚያም አስታውን አቋርጦ ከባሕር ጠለል በላይ 4 ሺህ ሜትር ግድም ከፍታ ካለው የሳነቴ አምባ ይደርሳል። በአምባው ላይ ጅብራ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል፤ ፍልፈል ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ያንኑ ፍልፈል አድብታ ትጠብቃለች።

ይህን ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። ከተራራው ግርጌ የተወለደ ልጅ ሁሉ ግን ሳነቴን አይቶታል ማለት አይደለም። የከተማው ተማሪ አንበሳንና ዝሆንን ከመጽሐፍ ላይ አይቶ ይስላል፤ የደጋ አጋዘንን ሳል ቢባል ግን እርሳሱን ይዞ ሊቆም ይችላል። ከብት ሲያግድ የሚውለው የገጠር ልጅ በበኩሉ ቀይ ቀበሮዋ በየትኛው ሰዓት እንደምትወጣ፣ ፍልፈሉ የትኛውን አፈር መርጦ እንደሚቆፍር ጠንቅቆ ያውቃል። ይህን እውቀቱን ግን የሚጠይቀው የለም፤ በክፍል ውስጥም ነጥብ አያስገኝለትም።

አንዱ ፊደሉን ይዞ ተራራውን አያውቅም፤ ሌላው ተራራውን ያውቃል፣ የሚናገርበት መድረክ ግን የለውም። ሁለቱን ማገናኘት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በወረዳና በቀበሌ አቅም ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። አንዱ መንገድ በሥዕል፣ በግጥም፣ በእንቆቅልሽ፣ በአጭር ድራማና በአካባቢ ምልከታ ላይ የተመሠረተ የተማሪዎች ውድድር ነው።

የተራራው ሀብትና የተጋረጠበት አደጋ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም ነው። ስፋቱ ከ2 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዲንሾ አቅራቢያ ካለው የጋይሳይ ሣር ምድር ጀምሮ በሳነቴ አምባ በኩል እስከ ሐረና ደን ይዘልቃል። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4 ሺህ 377 ሜትር ከፍታ አለው። በመስከረም 2016 ዓ.ም በሳዑዲ ዓረቢያ ሪያድ በተካሄደው ጉባኤ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። ከደጋ አጋዘን ትልቁ መንጋ የሚገኘውም እዚሁ ነው። ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ውጭ በየትም ዓለም አይገኝም።

ለአርሶ አደሩ ከሁሉ በላይ የሚቀርበው ግን የውኃው ጉዳይ ነው። ዋቤ ሸበሌ፣ ዌብ፣ ገናሌ፣ ወልመልና ዱማል ከዚህ ተራራማ አካባቢ ውኃ ያገኛሉ። ከተራራው በሚወርደው ውኃ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደሚጠቀም ይገመታል። በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው የዌብ ወንዝ ምንጩ ከዚሁ ደጋ ነው። ስለዚህ በሳነቴና በአስታው ምድር የሚደርስ ጉዳት ዞሮ ዞሮ ቆላ ያለውን አርብቶ አደር ጉድጓድ ይነካል።

አደጋው የታወቀ ነው። ልቅ ግጦሽ፣ የእርሻ መስፋፋት፣ በፓርኩ ውስጥ የሚደረግ ሰፈራ፣ የማገዶ ቆረጣና ሰደድ እሳት ተራራውን ያሳሱታል። በ1992 ዓ.ም የበጋ ወራት በባሌና በቦረና ደኖች የተነሳውን ከባድ ቃጠሎ የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም። የውሻ በሽታም ሌላው ሥጋት ነው። በ1996 ዓ.ም በዌብ ሸለቆ የተከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ሸለቆ ይኖሩ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ጨርሷል። በሽታውን ወደ ተራራው የሚያወጣው ከመንደር ከብት ተከትሎ የሚሄደው ያልተከተበ ውሻ ነው።

ከብቱንም ውሻውንም ይዞ ተራራ የሚወጣው በአብዛኛው ልጅ ነው። ብርድ ሲበረታበት እሳት የሚያነደውም እሱ ነው። የፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ በማይደርስበት ቦታ ሁሉ እረኛው ልጅ አለ። እሱን ያላሳተፈ የጥበቃ ዕቅድ በወረቀት ላይ ይቀራል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ውድድር ለምን?

የተፈጥሮ ጥበቃ ትምህርት ለአካባቢው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበባትን ሲደግፍ ቆይቷል። እ.ኤ.አ ከ1995 ጀምሮ በባሌ የሚንቀሳቀሰው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ከማስከተቡ ጎን ለጎን በተራራው ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች የግንዛቤ ሥራ ይሠራል። ክበባቱ አሉ፤ ሚኒ ሚዲያው አለ፤ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርትም ይሰጣል።

ችግሩ ክበባቱ ብዙ ጊዜ ችግኝ በሚተከልበት ሰሞን ብቻ የሚነቁ መሆናቸው ነው። ተማሪው "ደን ሕይወት ነው" የሚለውን መፈክር በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ በግቢው ያለውን ዛፍ ስም ግን ላይጠራ ይችላል። ውድድር ይህን የሚለውጠው ልጁ ራሱ እንዲያይ፣ እንዲጠይቅና ያየውን በራሱ እጅ እንዲሠራ ስለሚያስገድደው ነው። ኮሶን ለመሳል የኮሶን ቅጠል በቅርብ ማየት ግድ ነው። ስለ ዌብ ወንዝ ግጥም ለመጻፍ ወንዙ የት ተነስቶ የት እንደሚደርስ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሌላው ዓለምም የተሞከረ ነው። እ.ኤ.አ በ1995 በአሜሪካ የተጀመረው "የቃላት ወንዝ" የተሰኘ የልጆች የግጥምና የሥዕል ውድድር ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ የሚኖርበትን ተፋሰስ እንዲያውቅ፣ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ እንዲመረምርና ያንኑ እንዲጽፍ ወይም እንዲስል የሚጠይቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምም እ.ኤ.አ ከ1991 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዓለም አቀፍ የልጆች የሥዕል ውድድር አካሂዷል። በዚያው ዓመት በታንዛኒያ፣ ዳሬሰላም፣ ከ12 ተማሪዎች ጋር የተጀመረው የጄን ጉዳል የወጣቶች እንቅስቃሴ ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። የዱር እንስሳት ቀን ምክንያት በማድረግም የወጣቶች የሥዕል ውድድር ይዘጋጃል።

ለእኛ ግን ከውጭ ከሚመጣው ይልቅ ቤት ውስጥ ያለው ይቀርባል። የእንቆቅልሽ ጨዋታ፣ በአፋን ኦሮሞ ሂቦ የሚባለው፣ ራሱ ውድድር ነው፤ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። ስለ ከብት የሚዘፈነው የእረኛ ዜማም አለ። "ጎጆው መቶ በር፣ ባለቤቱ ግን ከአንገቱ በላይ አይወጣም፤ ማን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ስለ ፍልፈል አኗኗር ከአንድ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ ተምሯል፤ መልሱን የሚፈልገውም ጓደኛው እንዲሁ።

ስሞቹ ራሳቸው ትምህርት ናቸው። ቀይ ቀበሮ በአፋን ኦሮሞ ጄዳላ ፈርዳ ትባላለች፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ሊወልዱ የተቃረቡ ባዝራዎችንና ላሞችን ተከትላ የእንግዴ ልጁን ስለምትበላ የወጣላት ስም እንደሆነ ይነገራል። ይህን ከአያቱ ሰምቶ ጽፎ የመጣ ተማሪ እንስሳዋ ከአባቶቹ ከብት ጋር ለዘመናት አብራ መኖሯን ይረዳል። ምግቧ ከሞላ ጎደል ፍልፈልና አይጥ እንደሆነ፣ ግልገል የምትወስደውም ከስንት አንዴ እንደሆነ ሲያውቅ ደግሞ ድንጋይ አንስቶ አያሳድዳትም።

ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል?

"ልጆች ሥዕል ቢስሉ ለእርሻዬ ምን ይፈይድልኛል?" ብሎ የሚጠይቅ አርሶ አደር ተገቢ ጥያቄ ነው የጠየቀው። መልሱ የሚወሰነው ውድድሩ በሚነሳበት ርዕስ ነው። አራት ርዕሶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ውሻ ነው። "የመንደራችን ውሾች" በሚል ርዕስ ተማሪዎች በየሰፈራቸው ያሉትን ውሾች ቆጥረው፣ የተከተበውንና ያልተከተበውን ለይተው በሥዕል ወይም በካርታ እንዲያቀርቡ ቢደረግ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዝግጁ መረጃ ይሆናል። ቆጠራው ባለቤቶችን በመጠየቅ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ልጆች ወደማያውቁት ውሻ መቅረብ የለባቸውም። የእብድ ውሻ በሽታ የቀይ ቀበሮ ብቻ ሳይሆን የሰውና የከብትም ገዳይ ነው። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት በአጭር ድራማ ያሳየ ልጅ የቤተሰቡን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ሁለተኛው እሳት ነው። አስታን እያቃጠሉ ለከብት ለጋ ሣር ማግኘት የቆየ የእረኞች ልማድ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚያስታውሱት ድሮ መቼና የት እንደሚቃጠል የሚወስኑት ትልልቆች ነበሩ። ዛሬ በፓርኩ ውስጥ እሳት መለኮስ የተከለከለ ነው፤ ዳሩ ግን ተደብቆ የሚለኮስ እሳት የሚቆጣጠረው ስለሌለ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ተማሪዎች ከሽማግሌዎች ጠይቀው "አስታው ስንት ዓመት ይፈጅበታል?" የሚል ጽሑፍ ቢያዘጋጁ አንድ ክብሪት የሚያጠፋው ነገር መልሶ ለመብቀል ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድበት ከራሳቸው አያቶች አፍ ይሰማሉ።

ሦስተኛው ውኃ ነው። በሮቤ አካባቢ ሻያን፣ በጎባ አካባቢ ቶጎናን የማያውቅ ልጅ የለም። ወንዙን ከላይ እስከ ታች መሳል፣ የት እንደሚደፈርስ፣ የት ልብስ እንደሚታጠብበት፣ የት ዳሩ እንደታረሰ ማሳየት ከማንኛውም የተፋሰስ ሥልጠና የማይተናነስ ትምህርት ነው። እዚህ ላይ ልጃገረዶች ብልጫ አላቸው፤ ውኃ የሚቀዱት እነሱ በመሆናቸው ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ ያውቃሉ።

አራተኛው ዘር ነው። የባሌ ደጋ አሁን የስንዴ አገር ቢሆንም የቆየው የገብስ ዘር ገና ፈጽሞ አልጠፋም። ከአያቱ ጎተራ የተለያየ የገብስ ዓይነት አምጥቶ ስሙን፣ ለምን ምግብ እንደሚሆንና ውርጭን እንዴት እንደሚችል የሚያስረዳ ተማሪ የሚሸለምበት "የዘር ውድድር" ቢኖር ተመራማሪም ይጠቀማል። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ በጎባ የሚገኘው የብዝኃ ሕይወት ማዕከል ለእንዲህ ያለው ሥራ ቅርብ ናቸው። የአገር በቀል ዘር በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ መጠበቅ እንዳለበት ሲሟገቱ የኖሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራቸው ነበር።

እንዴት ይዘጋጅ?

ወረዳው ሊያደርገው የሚችለውን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል።

ጊዜ፦ በባሌ ገናና ቦና የሚባሉ ሁለት የምርት ወቅቶች አሉ። የቦና ሰብል በሚሰበሰብበትና የገና ዘር በሚዘራበት ሰሞን ልጆች ለቤተሰብ ሥራ ይፈለጋሉ። ስለዚህ ውድድሩ በጥቅምት ታውጆ ምልከታውና የሽማግሌ ጥየቃው ከቤት ሥራ ጋር ጎን ለጎን ቢሄድ፣ የትምህርት ቤት ማጣሪያው ከአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የወረዳው ትዕይንት የዓለም የዱር እንስሳት ቀን በሚከበርበት የካቲት 24፣ ማለትም በዓድዋ በዓል ማግስት፣ የዞኑ ማጠቃለያ ደግሞ የዓለም የአካባቢ ቀን በሚከበርበት ግንቦት 28 ሊሆን ይችላል።

ቋንቋ፦ ልጁ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ። የዛፍና የእንስሳ ስም በአፋን ኦሮሞ ሄጦ፣ ቢርቢርሳ፣ ጋዳምሳ ተብሎ ሲጻፍ፣ ከጎኑም በአማርኛ ኮሶ፣ ዝግባ፣ የደጋ አጋዘን የሚለው ሲታከል ለሁሉም ይጠቅማል።

ቁሳቁስ፦ ቀለም ከሱቅ መግዛት ግዴታ መሆን የለበትም። ከሰል፣ ቀይ አፈር፣ ኖራና የቅጠል ጭማቂ ቀለም ይሆናሉ፤ ጭቃ ለቅርጻ ቅርጽ ይበቃል፤ የማዳበሪያ ጆንያ ተቀድዶ ሲወጠር ሸራ ይሆናል። የሀብታም ልጅ በገዛው ቀለም እንዳይበልጥ ሁሉም በአካባቢ ቁስ ይወዳደር ማለት ይሻላል።

ዳኝነት፦ ዳኞቹ መምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ የፓርክ ሠራተኛና አንድ አገር አዋቂ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቢሆኑ ሚዛኑ ይጠበቃል። ከመቶ ነጥብ ውስጥ 40 ልጁ በዓይኑ ላየው፣ 30 ከትልልቆች ጠይቆ ላገኘው፣ 30 ለአሠራሩ ውበት ቢሰጥ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ሥራ አያሸንፍም።

እረኞችና ከትምህርት ገበታ የራቁ፦ የእንቆቅልሽና የዜማ ውድድር ፊደል አይጠይቅም። በገበያ ቀን፣ በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ቢዘጋጅ ትምህርት ያቋረጠውም ይሳተፋል። ተራራውን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ እሱ የሌለበት ውድድር ጎዶሎ ነው።

ሽልማት፦ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ለቤተሰቡ አንድ ዘመናዊ ቀፎ ወይም የፍራፍሬ ችግኝ በቂ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጉዞ ነው። ሮቤ ወይም ጎባ ያለ አሸናፊ ወደ ሳነቴ ወይም ወደ ዲንሾ ተወስዶ የሳለውን እንስሳ በዓይኑ ቢያይ የሚረሳው አይሆንም። የደጋው እረኛ ደግሞ ወደ ከተማ መጥቶ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሥራውን ቢያሳይ እውቀቱ ክብር እንዳለው ይሰማዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

በጎ ሐሳብ ያለ ጥንቃቄ ሊበላሽ ይችላል። መምህሩ ወይም ታላቅ ወንድም የሳለው ሥዕል በልጁ ስም ሲቀርብ ውድድሩ ትርጉም ያጣል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ዙር በዳኞች ፊት የሚሠራ ይሁን። ሥራውን ለማሳመር ግልገል ማጥመድ፣ የወፍ እንቁላል መሰብሰብ፣ የአበባ ተክል ነቅሎ ማምጣት በግልጽ መከልከል አለበት። ያየኸውን ሳል እንጂ ይዘህ ና አይባልም። ቀይ ቀበሮ ቡችሎቿን የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ገደማ በመሆኑ በዚያ ሰሞን ወደ ጉድጓዶቿ መጠጋት አይገባም። ተራራ የሚወጡ ልጆችም አዋቂ ይከተላቸው፤ ብርዱና ጭጋጉ አይናቅም።

ሌላው ትልቁ ችግር ውድድሩ በምስክር ወረቀትና በፎቶግራፍ ማለቁ ነው። ሥዕሉ በጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ልጁም ወላጁም በሚቀጥለው ዓመት አይመጡም። ሥራዎቹ በገበያ ቀን ለሕዝብ ይሰቀሉ፤ ግጥሙና እንቆቅልሹ በሚኒ ሚዲያ ይነበብ፤ የውሻ ቆጠራው ለእንስሳት ጤና፣ የምንጭ ካርታው ለተፋሰስ ልማት ቡድኑ ይሰጥ። ባለሙያው ካርታውን ተመልክቶ "ይህች ምንጭ ዘንድሮ ትታጠር" ብሎ ሲወስን ልጁ የሠራው ነገር ሥራ ላይ እንደዋለ ያያል። አባቱም ያያል።

ይህ ሁሉ የሕግ ማስከበርን፣ የግጦሽ ሥርዓትንና ለወጣቶች የሥራ ዕድል የመፍጠርን ኃላፊነት አይተካም። መሬት የሌለው ወጣት በሥዕል ብቻ ከደን አይወጣም። ይሁንና በሐረና የጫካ ቡናና ማር፣ በአስጎብኚነት፣ በፈረስ ኪራይና በችግኝ ጣቢያ የሚገኘውን ገቢ የሚያስበው አስቀድሞ ተራራውን በሌላ ዓይን ማየት የጀመረ ወጣት ነው።

የዓለም ቅርስነት ምዝገባው የተገኘው በሪያድ ጉባኤ ነው፤ የሚጠበቀው ግን በዲንሾ፣ በሪራና በጎባ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ነው። ነገ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ የግብርና ባለሙያ ወይም ባለ ብዙ ከብት አርሶ አደር የሚሆነው ዛሬ አምስተኛ ክፍል የተቀመጠውና ተራራ ላይ ከብት የሚያግደው ልጅ ነው። ለዚህ ልጅ አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና "ያየኸውን አሳየን" የሚል ጥሪ ማቅረብ ከየትኛውም ወረዳ በጀት በላይ አይደለም። የጥቅምት ወር ሳይደርስ የትምህርት፣ የግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ የመጪው የካቲት ትዕይንት ከወዲሁ ተጀመረ ማለት ነው።